የአሥራ አራተኛዋ አንባቢ አስተያየት

እትዬ ሙጫ በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ አንድም ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አንብባ አታውቅም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷ ናት ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ የምትናገረው። «እኔ መጽሐፍን የማውቀው በጀርባው ነው» ትላለች። የቤተ መጻሕፍታችን ጠራዥ ናት። ጀርባው የተገነጠለ፣ ገጹ የረገፈ፣ ሻይ የተደፋበት፣ ሕፃን በእርሳስ የተፈላሰፈበት መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙጫ ከጣቷ ስለማይጠፋ ስም ወጣላት። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ግን ስልክ ስታነሣ ራሷ «ሙጫ ነኝ» ማለት ጀመረች።

እኔ የምሠራው ከፊት ነው፤ መጽሐፍ አዋሽ ነኝ። እሷ ከኋላ ናት፣ መስኮቷ ወደ ግቢው በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ። በመካከላችን አንድ በር አለ። በሩ ተጣሞ ስለማይዘጋ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወሬያችን ተቋርጦ አያውቅም።

የጥረዛን ሥራ የተማረችው ማተሚያ ቤት ይሠራ ከነበረ አጎቷ ነው። ባል አላገባችም፤ ለምን ሲሏት «አልገጠመም» ትልና ወደ ክሯ ትመለሳለች። ከታላቅ እህቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የተቀደደ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። የኔን ጫማ ሰፍታለች፣ የኃላፊያችንን ጃንጥላ ጠግናለች፣ ግድግዳው ላይ ለሁለት የተከፈለውን ካርታ እንዲህ አድርጋ ገጥማዋለች፤ አንድ ወንዝ ብቻ ትንሽ ተዛብቷል። የማይጠገን ነገር አለ ብሎ የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልቦለድ አታነብም እንጂ አስተያየት ታነባለች። ይህ የቤታችን ልማድ ስለሆነ ላስረዳ። ዱሮ የነበሩ አንድ ኃላፊ በእያንዳንዱ ልቦለድ መጨረሻ ባዶ ወረቀት እንዲሰፋ አዘዙ፤ አንባቢ ሁሉ ጨርሶ ሲመልስ የመሰለውን ይጽፍበታል። ስም መጻፍ ክልክል ነው። «ሰው ስሙን ከጻፈ ይዋሻል» ይሉ ነበር አሉ። የሚጻፈው መጽሐፉን የተዋሰበት ተራ ቁጥር ብቻ ነው። መጀመሪያ የተዋሰው አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው እኔ ዘንድ ያለው መዝገብ ነው።

ብዙ ጭቅጭቅ ያለበት መጽሐፍ አንድ የድሮ ዘመን የፍቅር ታሪክ ነው። ሁለት ቅጂ አለን፤ «የሙሽራው መጽሐፍ» እንለዋለን። አንዲት የባለጸጋ ልጅ አይታው ለማታውቀው ወታደር ትታጫለች። ወታደሩ መንገድ ላይ ይሞታል። ጓደኛው መርዶውንና ቀለበቱን ይዞ ሲመጣ ቤተሰቡ ቀለበቱን ያይና ሙሽራው እሱ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሰውየው «አይደለሁም» ሊል አፉን ይከፍትና ልጅቷን ያያታል። በቃ፤ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። ልጅቷ እውነቱን የምታውቀው ፀጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ካወቀችም በኋላ አብራው ትኖራለች።

ታዲያ አንባቢው እንዴት እንደሚናደድ! አንዱ «ይህ ሰው በሕግ መጠየቅ አለበት» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ከሱ ቀጥላ የጻፈችው «አንተን ብሎ ዳኛ!» ብላዋለች። አንዱን የወታደሩን ሬሳ ማን እንደቀበረው ደራሲው አለመናገሩ እንቅልፍ ነሥቶታል። ሌላዋ «እኔ ገጽ ሠላሳ ላይ የነቃሁበትን እሷ ሃያ ዓመት እንዴት አልነቃችም? አውቃ ነው ዝም ያለችው» ትላለች። አንድ ሰው ደግሞ ስለ ታሪኩ ምንም ሳይል፣ ከሱ በፊት የነበረው አንባቢ ገጹን ዘይት ማስነካቱን ብቻ ይከሳል። እትዬ ሙጫ እነዚህን እያነበበች ብቻዋን ትስቃለች። ታሪኩን ያወቀችው ከነዚሁ ጭቅጭቆች ነው፤ ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

ልብስ ሰፊው የመጡት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው አርጅቷል ግን ስፌቱ እንከን የለውም። ሃምሳ ዓመት መርፌ ላይ ያፈጠጠ ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። የጠረጴዛዬን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱና አንድ የአንባቢ ካርድ አስቀመጡልኝ።

«ባለቤቴ አርፋለች» አሉ። «ካርዷን ልመልስ ብዬ ነው።»

ካርድ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ነፍስ ይማር አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም።

«ምን ታነብ ነበር?» አሉኝ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። እሷ ከጎኔ ቁልፍ ትተክላለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጽሐፍ ትገልጣለች። ምንድን ነው የምታነቢው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

መዝገቡን ገለጥኩ። የወሰደችው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የሙሽራው መጽሐፍ፣ ቅጂ ሁለት፣ ተራ ቁጥር አሥራ አራት። ሁለት ጊዜ አሳድሳዋለች። «አስተያየት ጽፋ ይሆናል» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሰው ተሰልፎ ስለነበር ለማንበብ ጊዜ አልነበረኝም። እትዬ ሙጫን ጠራኋትና መጽሐፉን አቀበልኳት።

ከኋላ ክፍል ወስዳ አስቀመጠቻቸው። በማይዘጋው በር በኩል ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። ቁጥር አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦

«ከኔ በፊት የጻፋችሁ ሁሉ ሰውየውን አታላይ ብላችሁታል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ የምትኖሩት ካገባችሁት ሰው ጋር ነው? እኔ ባሌን ሳገባው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ዝም ሲል ኩራት መሰለኝ። ሥራው ላይ ሲያጎነብስ እኔን የረሳኝ መሰለኝ። ማን እንደሆነ የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቼ ነው። ያ በሐሳቤ ያገባሁት ሰው ዛሬ መጥቶ ቢያንኳኳ በሩን አልከፍትለትም። ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ለመጽሐፉ ነገርኩት።»

ሽማግሌው ቆይተው «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ሲወጡ በኔ በኩል ሲያልፉ ለማንም ያልሆነ ፈገግታ ነበራቸው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስን አላጓደሉም። ይመጣሉ፣ እትዬ ሙጫ ቅጂ ሁለትን ታወጣለች፣ ታነባለች፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሰው ሲወስደው እንኳ ሐሙስ ጠዋት እንዲመለስ እኔ ራሴ ደውዬ እነዘንዛለሁ። አንድ ቀን እትዬ ሙጫን እንዲህ አሏት፤ «የሚቆጨኝ ምን ነበር መሰለሽ እህቴ፤ ይህችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ቁልፍ አስተክዬ ገደልኳት እያልኩ ነበር። አንድ ጥሩ ቃል ሳልነግራት። እሷም ሳትነግረኝ። አሁን ግን እተኛለሁ።» እሷም ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሁለታችንም ትልቅ ነገር የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ከረምን።

ባለፈው ወር ጉድ ፈላ። ጠፋ ብለን ተስፋ የቆረጥንበት ቅጂ አንድ ተመለሰ። የወሰደው ሰው ቤት ሲቀይር ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ጀርባው ተሰብሮ ስለነበር ለእትዬ ሙጫ ሰጠኋት። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ና እስቲ» አለችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ መጽሐፉ ተበትኗል። እሷ መጽሐፍ ስትፈታ በእያንዳንዱ የወረቀት ጥራዝ እጥፋት ውስጥ የቅጂውን ቁጥር በእርሳስ ትጽፋለች። ክሩ ካልተበጠሰ ያ ቁጥር አይታይም። የቅጂ አንድን የአስተያየት ወረቀት ክር በጥሳ እጥፋቱን ስትከፍት፣ በገዛ እጇ የተጻፈ «2» አገኘች።

ወዲያው አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ሁሉም ነገር ገብቷታል። የዛሬ ሦስት ዓመት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የኋላ ክፍሉ በራሰ ጊዜ ሁለቱንም ቅጂዎች ፈታ ገመድ ላይ አስጥታቸው ነበር። ያን ሳምንት እህቷ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ሮጥ ሮጥ ትል ነበር። እጥፋቱን ሳታይ ሰፋችው። የቅጂ አንድ አስተያየት ቅጂ ሁለት ውስጥ ገባ፣ የሁለት ደግሞ አንድ ውስጥ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን።

«እና…» አልኳት።

«እናማ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩላቸው የሌላ ሴት ነው።»

አሥራ አራትን ፈልገን አገኘነው። ሦስት መስመር ነው፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት። አነበብነው። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔም የምቀመጥበት ስላልነበረ የሙጫ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ።

ምክር አላጣሁም፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያልመከርኳት ነገር የለም። «ሆድ ይፍጀው» አልኳት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሰውየው አያዩ፤ መልሰሽ ስፊውና እንደነበረው ይቀጥል።»

«ልጃቸው ትመጣለች» አለችኝ።

ረስቼው ነበር። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ በዓመት አንዴ ትመጣለች። ሽማግሌው ሰሞኑን በመጡ ቁጥር ያወሩት የነበረው ይህንኑ ነው። የእናቷን ጽሕፈት በዓይኗ እንድታይ ይዘዋት ሊመጡ ነው። ልጅ የእናቷን ጽሕፈት አትስትም።

«እንግዲያው ሐሙስ ቀድመሽ ንገሪያቸው» አልኳት።

ሐሙስ መጡ። በክንዳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። እትዬ ሙጫ ተነሥታ ቆመች፤ ልትናገር ተዘጋጅታ እንደነበር ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ። እሳቸው ጥቅሉን አቀበሏት። ሽርጥ ነው፤ ሰማያዊ፣ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ። ሳያዩ በዳበሳ የሰፉት ነው። ለመቀስ፣ ለመርፌ፣ ለክር ለየብቻው ኪስ አለው። «ቁመትሽን በድምፅሽ ነው የለካሁት» አሏት እየሳቁ። ለበሰችው። በልኳ ነበር።

ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። «ጋሼ» አለች፤ «ወዬ» አሉ፤ «ኧረ ምንም፤ ሽርጡ ደስ ብሎኝ ነው» አለች። ሁለተኛ ጊዜ «ጋሼ፣ አንድ ነገር…» ብላ ውሃ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሦስተኛ ጊዜ ምንም ቃል አልወጣም። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣ የሌላዋን ሴት አስተያየት እንደ ሁልጊዜው አነበበችላቸው። ሲሄዱ ገሠጽኳት። «አንተ ንገራቸው» አለችኝ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም፤ ሰውን መገሠጽ ግን ይቀናኛል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከልጃቸው ጋር መጡ። አርባን ያለፈች፣ እንደ አባቷ ረጅም ሴት ናት። የጉዞ ድካም ፊቷ ላይ አለ። እትዬ ሙጫ ሽርጡን ለብሳለች፤ እውነተኛዎቹን ወረቀቶች ትልቁ ኪሷ ውስጥ ከትታቸዋለች። ሌት ተቀን አስባ የደረሰችበት እሱ ብቻ ነው፣ ይዞ መቆም።

«አሳዪያት» አሉ ሽማግሌው። ልጅቷ ቅጂ ሁለትን ተቀብላ አሥራ አራት ላይ ጎንበስ አለች። ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርስ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ጽሕፈት አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ልጄ፣ ደህና አድርገሽ እይ።»

«አይደለም አባዬ።»

እትዬ ሙጫ ያኔ ተናገረች። ቧንቧውን፣ ገመዱን፣ እጥፋቱን፣ ሁሉንም ተናገረች። «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ፤ ካወቅሁም ሳምንት አልፎኛል» አለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ብርሃኑ ወዳለበት አዙረው አዳመጡ።

«የሷ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ሙጫ ከኪሷ አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ በልቧ አነበበችው። ከዚያ እትዬ ሙጫን አየቻት። እንዲህ ያለ ልመና በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ ምን ላድርግ ነው የምትላት።

«አንብቢው እንጂ» አሉ አባቷ።

«‹ታሪኩ አልከፋኝም። ልጅቷ እውነቱን ካወቀች በኋላ ለምን አብራው እንደኖረች ደራሲው ሦስት ገጽ ሙሉ ያብራራል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።›» ልጅቷ ማንበቧን አቆመች።

«አላለቀም» አሉ ሽማግሌው።

«አልቋል አባዬ።»

«እናትሽ ነገር ጀምራ ሳትጨርስ አትተውም። ጨርሺው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችው፤ ማየት ያቃታት ይመስል። «‹የት ይኬዳል?›… ይላል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ናት» አሉ።

«ልማዷ እኮ ነው አባዬ» አለች ልጅቷ በችኮላ። «ዝናብ ሲጥል የት ይኬዳል ትል ነበር። መብራት ሲጠፋ የት ይኬዳል። ለሁሉም ነገር እኮ ነው የምትለው።»

«አውቃለሁ፣ ለሁሉም ነገር ነው የምትለው። ‹ደከመሽ ወይ?› ስላትም እሱን ነበር የምትለኝ። እኔ ሥራውን ማለቷ ይመስለኝ ነበር።»

ከፊት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ደወል አንድ ሰው ቢመታም አልወጣሁም። እትዬ ሙጫ የሽርጡን ማሰሪያ ፈትታ አጥፋ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይሄን መልበስ አልችልም ጋሼ» አለች። እሳቸው ጨርቁን ዳበሱት፤ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዚያ መልሰው ዘረጉላት።

«ለሌላ ሰው ልክ አይሆንም» አሉ። «ያዢው።»

ከወንበሩ ሲነሡ ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያችኛዋ ሴት ማን ናት?»

እኔ መዝገቡን አይቼ ነበር። ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ ውሃው እኔም ጋ ደርሶ የቅጂ አንድ ገጽ ረጥቦ ቀለሙ ፈሷል። «አይታወቅም ጋሼ» አልኩ።

«ባሏ ሰምቶታል?»

«አላውቅም።»

«ቢሰማው ጥሩ ነበር» አሉና ወጡ።

እትዬ ሙጫ ወረቀቶቹን በየቦታቸው መልሳ ሰፋች። እጥፋቱን ሦስት ሦስት ጊዜ አይታ ነው የሰፋችው፤ አሁን ሁለቱም መጽሐፎች ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ለማን እንደጠቀመ ግን እኔ አልገባኝም። ቅጂ አንድን ዕድሜው የገፋ ወንድ ሲዋስ ከኋላ ክፍል ትወጣና ፊቱን ታየዋለች። ልትጠይቀው ትፈልጋለች፤ ምን ብላ ትጠይቀው? ይመለሳል፣ «ጥሩ ታሪክ ነው» ይላል፣ ይሄዳል።

ልጅቷ ወደ ከተማዋ ተመልሳለች። ሽማግሌው ከዚህ በኋላ አይመጡም ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ኖሯል። ሐሙስ መጡ። እትዬ ሙጫ ደስ ሊላት ምንም አልቀራትም ነበር፤ ቅጂ አንድንም ቅጂ ሁለትንም አውጥታ ጠበቀቻቸው። «የትኛውን ላንብብልዎ?» አለቻቸው፤ የሌላዋን ሴት እንዲሏት ስትለምን ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«የባለቤቴን» አሉ።

በየሳምንቱ የሚያስነብቧት እሱን ነው። ለስለስ አድርጋ ሞክራለች፣ ፈጠን አድርጋ ሞክራለች፣ አንድ ጊዜ እንደ ቀልድ ልታስመስለው ሞክራለች፤ ቃሉ ያው ነው። ሦስት መስመር ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። እሳቸው ግን ቶሎ አይነሡም።